የሳሎኑ አልጋ

እትዬ ወሰንየለሽ በሽተኛ አይወዱም ነበር። አይወዱም ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ይንቁ ነበር። ወገቤን የሚል ሰው ለእሳቸው ሰነፍ ነው፤ ጉልበቴን የሚል ሥራ ጠል ነው፤ ራሴን የሚል ደግሞ ነገር ሲፈልግ ነው። እሳቸው ቦንጋ ገበያ ቅቤና ኮረሪማ ሲሸጡ ያረጁ፣ ያንን ዳገትና ቁልቁለት ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእግራቸው ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን "አመመኝ" ብለው አያውቁም፤ ይህንን ሳያወሩ የዋሉበት ቀንም አልነበረም። ባጃጅ ከተማው ከገባ በኋላ እኩዮቻቸው ተሳፍረው ሽቅብ ሲያልፉ ካዩ መንገድ ዳር ቆም ይሉና "ሬሳ መጣ፣ አሳልፉ!" ይሉ ነበር። ተሳፋሪዋ ሰምታ ብትቀየም ደግሞ ደስታቸው ነው።

በሽተኛ መጠየቅ ግን አይቀሩም። የእሳቸው ጥየቃ ጥየቃ ሳይሆን ምርመራ ነበር። ገብተው ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርጋሉ፣ ግንባር ይዳስሳሉ፣ ትራስ ሥር የተቀመጠውን ኪኒን አንስተው ያገላብጣሉ፤ ከዚያ ወጥተው ደጅ ላይ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። "ይቺ ምንም አልሆነች፤ ምራቷን ልታሠቃይ ነው" ይላሉ፤ ወይም "ይኼስ አይተርፍም፤ ድንኳኑን አናፍሱት።" ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ስህተታቸውን የሚያስታውሳቸው ደፋር ግን በሰፈሩ አልነበረም።

የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ በነበሩበት ጊዜ አንዲት ጎረቤት ታመመች ተብሎ ሙዛቸውን ይዘው ሄዱ። ሴትዮዋን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ስትቀነጥስ አገኟት። ሙዙን እንደያዙ ተመለሱ። በሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ ደንብ አስጸደቁ፤ የተኛ ይጠየቃል፣ የተቀመጠ አይጠየቅም። ታመምኩ ብላ በእግሯ ቆማ የተገኘች አባል እድሩን እንዳታለለች ይቆጠራል፤ በሽተኛውን ከአልጋ ያስነሳ ቤተሰብም በእድሩ ፊት ጥፋተኛ ነው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ የታመመ ሁሉ የጠያቂ ኮቴ በሰማ ቁጥር እየሮጠ አልጋ ውስጥ ይገባ ጀመር። ጥርሱን ያመመው ሰው ሳይቀር እስከ አገጩ ተሸፋፍኖ ነበር የሚጠየቀው።

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ቦንጋ ሰማይዋ ተቀዶ ጭቃዋ እንደ ሳሙና በሚያንሸራትትበት ወቅት፣ እትዬ ወሰንየለሽ ከደካ ገጠር የመጣላቸውን በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፈው ከገበያው በታች ያለውን ቁልቁለት ሲወርዱ አዳለጣቸው። ቅቤውን አልለቀቁም። ሰው ሳያየኝ ልነሳ ብለው ቢሞክሩ ግራ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ባለሱቁ ነስሩ ከሽንኩርቱ ክምር ጀርባ ሆኖ አይቷቸው ስለነበር ሮጦ ወጣና ባጃጅ ጠራላቸው። እትዬ ወሰንየለሽ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ የገቡት ያን ቀን ነው፤ ያውም ተጋድመው።

ጅማ ተወሰዱ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ስለነበር ኦፕራሲዮን ተደርገው ብረት ገባላቸው። በማግስቱ አንድ ሐኪም ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ፊታቸው አቁሞ "ይነሱ" ሲላቸው፣ ያደገበትን ቤት አንስተው ሰደቡት። እሱ ግን ስድብ የለመደ ስለነበር ዝም ብሎ አስነሳቸው። ሊወጡ ሲቃረቡ በመደገፊያው ኮሪደሩን አቋርጠው መጸዳጃ ቤት ደርሰው ይመለሱ ነበር። ሲያልፉም አልጋ ላይ የተዘረሩትን በሽተኞች እንደ አመላቸው ከላይ እስከ ታች ይገረምሟቸው ነበር።

ቦንጋ ሲመለሱ ግን ልጃቸው ግዛቸው ጠበቃቸው። ግዛቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ግምገማ ኦፊሰር ነው፤ ቤቱም ውስጥ ያለ ዕቅድ የሚያስነጥስ ሰው አይደለም። ሳሎኑን አስለቅቆ፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ትልቁን የሠርግ አልጋውን በር ፊት ለፊት አስዘርግቶ ነበር። ምራትየዋ በዛወርቅ "ጓዳ ይሻላቸው ነበር፤ ለጓሮውም ቅርብ ነው" ብትለው ተቆጣ። "እናቴ ታማ ጓዳ ትደበቅ? ሰው ምን ይለኛል?" አላት። የብረት መደገፊያው ከበሩ ኋላ ቆመ፤ በማግስቱ ጃንጥላ ተንጠለጠለበት፤ በሦስተኛው ቀን የዝናብ ጃኬት ተሰቀለበትና ልብስ መስቀያ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። ጠዋት የጽዋ ማኅበርተኞቻቸው ይመጣሉ፤ ገብተው ፊታቸውን እንደ ለቀስተኛ ያጨማድዱና "አይዞሽ ወሰን፣ ሁሉም ያልፋል" ይላሉ። ሁለት ጊዜ ከንፈራቸውን መጠጥ ካደረጉ በኋላ በሽተኛዋን ረስተው የማን ልጅ ከማን ጋር እንደጠፋች ያወራሉ። ቀትር ላይ የግዛቸው መሥሪያ ቤት ሰዎች በአንድ ለአምስት አደረጃጀታቸው ተሰልፈው ይደርሳሉ። የቡድን መሪው ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ይቆምና "ቡድናችን በእናታችን ጤና ዙሪያ ያለውን ሁኔታ በቅርበት ለመከታተል ነው የመጣው" ይላል። አልጋው ላይ የተኛችው ሴት የውሃ ጉድጓድ ፕሮጀክት ትመስል። ማታ ማታ እድርተኞቹ ይመጣሉ፤ ሳይበሉ አይሄዱም። የሚያመጡት ሙዝ ቤቱን ሞልቶ ጠቆረ፤ የሚበሉት ቆጮ ግን ከጓሮ ወጥቶ አለቀ።

እትዬ ወሰንየለሽ ተጋድመው ሁሉንም ያያሉ። ከተጋደሙበት የሰው አፍንጫ ቀዳዳ በደንብ ይታያል። "ለካ ይኼን ሁሉ ዓመት ያከበሩኝ መሰለኝ እንጂ እንዲህ ያሉ ከንቱዎች ናቸው" ይላሉ በልባቸው። ለእያንዳንዱም በየተራ ንቀታቸውን አካፍለው ሲጨርሱ አዲስ ጠያቂ ይገባል።

ይኼ ሁሉ ይቻላል፤ ያልተቻለው የፖፖው ነገር ነው። ሽንት ቤቱ ከጓሮው እንሰት ጀርባ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ከተኛ ሰው እግር ግን እንደ ጅማ ራቀ። ቤቱ በሰው ሞልቶ እትዬ ወሰንየለሽ ሲጨንቃቸው በዛወርቅ ከአልጋው ፊት ጋቢ ትዘረጋለች፤ ፖፖውን ከሥር ታስገባለች። ያን ጊዜ ጠያቂዎቹ ፊታቸውን ያዞሩና ድምፁ እንዳይሰማቸው ወሬያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ከጋቢው ወዲያ የሰው ሁሉ ወሬ ሲንጫጫ፣ ከጋቢው ወዲህ እትዬ ወሰንየለሽ ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ያያሉ። አሮጊቷ ከእግዜር የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በራሳቸው እግር ሽንት ቤት መሄድ።

ታዲያ ለምን አልተነሱም? ደንብ ነዋ! የተኛ ይጠየቃል፣ የተቀመጠ አይጠየቅም። ደንቡ ደግሞ የሌላ ሰው ቢሆን በናቁት፤ የራሳቸው ነው። በዚያ ላይ የዛሬዋ ሰብሳቢ እትዬ ቀጸላ ናቸው። እትዬ ቀጸላ ስንት ዓመት ወንበሩን ሲመኙ ኖረው፣ ሲያገኙት ደግሞ የቀድሞዋን ሰብሳቢ አልጋ ላይ ያገኙ ሴት ናቸው፤ በየማታው እግርጌ ይቀመጡና ዓይናቸውን ከብርድ ልብሱ አያነሱም። ለእሳቸው ተነስቶ ከመታየት እትዬ ወሰንየለሽ መሞትን ይመርጡ ነበር፤ ሊሞቱም ምንም አልቀራቸውም። ወገባቸው ተላጠ፣ ጭናቸው ከሳ፣ ያ ዳገት የማይበግረው ጉልበታቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይል ጀመር።

በነሐሴ መጨረሻ የቀጠሮ ቀን ደርሶ ከተማው ውስጥ ወዳለ ሐኪም ቤት በባጃጅ ተወሰዱ። አጥንቱን ያየው ሐኪም ጥሩ ነው ብሎ ወደ አንዲት ምሥራቅ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መራቸው። ክፍሏ ውስጥ ወለል ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ፣ ትልቅ ኳስ፣ ግድግዳ ላይ የታሰረ ላስቲክ አለ። እትዬ ወሰንየለሽ ዞር ዞር ብለው አዩና "የሕፃናት ማቆያ ነው ያመጣችሁኝ?" አሉ።

"እማማ፣ ከጅማ ከተመለሱ ወዲህ በቀን ምን ያህል ይነሳሉ?" አለች ምሥራቅ።

"ደስ ሲለኝ እነሳለሁ፤ ደስ ሲለኝ እተኛለሁ።"

ምሥራቅ ጭናቸውን ጨበጥ አድርጋ ያዘች፤ ጉልበታቸውንም ልታጥፍ ሞክራ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረባት። "ይኼ እግር አልተነሳም፤ ተኝቶ ነው የከረመው" አለች።

"መድኃኒቱን ስጪኝና ልሂድ።"

"መድኃኒት የለኝም።"

"መርፌስ?"

"መርፌም የለኝም።"

"ታዲያ ምኑ ነው አንቺን ሐኪም የሚያሰኝሽ? ነጭ ጋዋኑን ከሆነ ሥጋ ሻጩም ይለብሳል።"

በዛወርቅ አፍራ አንገቷን ደፋች። ምሥራቅ ግን ለአሮጊት ስድብ የምትደነግጥ ልጅ አልነበረችም፤ ከእሳቸው የባሰ ድፍረት ነበራት። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። "ይስሙኝ" አለች። "አጥንትዎ ገጥሟል። አሁን እግርዎን የሚበላው አልጋው ነው። እስከ መስቀል እንዲህ ተኝተው ከቆዩ ጉልበትዎ አልታጠፍ ብሎ ይቀራል፤ እኔም አልመልሰውም፣ ጅማም አይመልሰውም። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክዎን ፖፖ ላይ ነዎት።"

ሌላው ሁሉ ባያስደነግጣቸው የመጨረሻዋ ቃል ልባቸውን መታቻቸው። "እሺ፣ ምን ላድርግ?" አሉ። ይህንን ቃል ለሰው ብለው አያውቁም ነበር።

ምሥራቅ አሳየቻቸው። ወንበር ይዞ መነሳት፣ መቀመጥ፣ ደግሞ መነሳት። ተጋድሞ ጉልበትን ወደ ፍራሹ መጫን። ተረከዝን ወደ ራስ ስቦ መመለስ። ከዚያ መደገፊያውን ይዞ መሄድ፤ መደገፊያ ከሌለ ጠንከር ያለ ወንበር እየገፉም ቢሆን መሄድ። እትዬ ወሰንየለሽ በቁጣ አዩዋት። "በቃ? ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረው መቀመጥና መነሳት ነው?"

"እርስዎ ታዲያ ያቃተዎት እሱ አይደል?" አለች ምሥራቅ።

በዛወርቅ ፈራ ተባ እያለች "እህቴ፣ ጠያቂ እኮ አለብን" አለች።

"ጠያቂ ምን ያደርጋችኋል?"

"ቆመው ካገኟቸው... ደንብ አለ።" በዛወርቅ ወደ አማቷ ተመለከተች። አማቲቱ በመስኮት ጭጋጉን ያዩ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ በዚያ ቤት የሌባ ሥራ ይሠራ ጀመር። ግዛቸው ሥራ እንደወጣ፣ ማኅበርተኞቹ ሳይደርሱ፣ በዛወርቅ ጃንጥላውንና ጃኬቱን አውርዳ መደገፊያውን ታቀርባለች፤ እትዬ ወሰንየለሽ እያማረሩ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ። ምራታቸውን ከተሞሸረችበት ቀን ጀምሮ ይንቋት ነበር፤ ዝምታዋን ድንቁርና፣ ትዕግሥቷን ፍርሃት አድርገውት ነበር የኖሩት። አሁን ግን በቤቱ ውስጥ ፖፖ መሸከም የሰለቸው ብቸኛ ሰው እሷ በመሆኗ ተስማሙ። በዛወርቅ በር ላይ ትቆማለች፤ ከውጭ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሲሰማ አሮጊቷ እንደ ዓይጥ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይሰወራሉ። የልፋቱ ላብ ገና ከፊታቸው አልደረቀምና ጠያቂዎቹ ግንባራቸውን ዳስሰው "ኧረ ላብ በላብ ሆናለች! ትኩሳቱ በረታባት!" ይላሉ። ወሬው ሲዛመት ጠያቂው እጥፍ ሆነ። ትኩሳትና ላብ መለየት የማይችል ሕዝብ መሃል መኖር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ እትዬ ወሰንየለሽ ያን ጊዜ አወቁ።

አንድ ጠዋት እትዬ ቀጸላ በበሩ ሳይሆን በጓሮው፣ በእንሰቱ መሃል አልፈው መጡ። የበላይ ተቆጣጣሪ እንጂ ጠያቂ በጓሮ አይመጣም። ሲገቡ እትዬ ወሰንየለሽ ሳሎኑ መሃል መደገፊያውን ጨብጠው ቆመዋል።

"ወሰን!" አሉ እትዬ ቀጸላ። "ተነሳሽ?"

"ልተኛ ስል ነው" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። በሕይወታቸው የተናገሩት በጣም ደካማው መልስ ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ ቀጸላ በሽተኛዋን ትተው ምራቲቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩና ሳይቀመጡ ወጡ። ቀትር ሳይደርስ በዛወርቅ አሮጊቷን ቤት እንደምታስጠርግ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ውሃ አስቀዳቻት ተባለ፤ ግዛቸው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ደግሞ እንጨት አስፈለጠቻት ሆነ። ግዛቸው ምሳውን ሳይበላ ቤቱ መጣ።

"እማዬ፣ ልታዋርጂኝ ነው?" አለ። "በዚህ ወር ግምገማ አለብኝ። ለኃላፊነት ታጭቻለሁ። 'እናቱን ያሠቃያል' ተብሎ ቢነሳብኝ ምን እላለሁ?"

"ሐኪሟ ተነሺ ብላለች በላቸው።"

"ስትድኚ ትነሻለሻ!"

"ካልተነሳሁ እንዴት ነው የምድነው?"

"ተኝተሽ! ሰው ሲታመም ይተኛል፣ ሲድን ይነሳል። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ" አለና መደገፊያውን አንስቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው። በዛወርቅንም "አንቺ ደግሞ ስሜን አታስጠፊ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እትዬ ወሰንየለሽ ከኋላው እያዩት ያን ሁሉ የደካ ቅቤ ለዚህ ጭንቅላት ማብላታቸው ቆጫቸው። ስንት ሰው ገበያ ላይ ሲለምናቸው እየከለከሉ፣ ለጋ ለጋውን እየመረጡ ያሳደጉት ልጅ ነው። ያ ሁሉ ቅቤ የት ገባ? እንጃ፤ ወደ ላይ እንዳልወጣ ግን ግልጽ ነበር።

በመጪው እሑድ እድሩ ለማስታረቅ ይሁን ለመቆጣጠር ባይታወቅም በሙሉ ቁጥር መጣ። የፕላስቲክ ወንበሮቹን ሳይቀር ከእድር ቤት አስጭኖ መጣ። የግዛቸው ቡድን መሪም ከአምስቱ ሰዎቹ ጋር ተገኘ። ሳሎኑ መርፌ መጣያ አጣ። እትዬ ቀጸላ እግርጌ ቦታቸውን ያዙ። ተበላ፣ ተወራ፣ ተሳቀ፤ በዚህ መሃል አልጋው ላይ ያሉት ሴት ሽንታቸው መጣ። በዛወርቅ ዓይናቸውን አይታ ጋቢውን አነሳች፤ ጋቢውን ያዩ ጠያቂዎችም ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ጀመሩ።

"ተይው" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ።

ብርድ ልብሱን ገፍፈው ተነስተው ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት "ወንበሩን ልቀቂልኝ" አሏት፤ ሴትዮዋ ደንግጣ ተነሳች። ወንበሩን መልሰው አዞሩት፣ ጀርባውን ጨበጡ፣ ምሥራቅ እንዳሳየቻቸው ወደ ፊት ዘንበል ብለው ቆሙ። ወንበሩን ወደ ጓዳው በር ገፋ አደረጉ፤ ተራመዱ። ደግሞ ገፋ አደረጉ፤ ተራመዱ። እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ይዟቸዋል።

"ኧረ በሥላሴ! ያዟት! ልትሞት ነው!" አሉ እትዬ ቀጸላ።

ያን ጊዜ የሰፈሩ ደግነት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አንዷ በብብታቸው፣ አንዷ በወገባቸው፣ የቡድን መሪው በእግራቸው ያዛቸው። ከመሬት ለቀቁ። "ልቀቁኝ!" ብለው ጮኹ። "ሕመሙ ነው የሚያናግራት" አለች አንዷ፤ "እሱ ነው፣ ሞት ሲቃረብ እንዲህ ያደርጋል" አለች ሌላዋ። ተሸክመው፣ እያለቀሱ፣ እየመረቁ አልጋው ላይ መለሷቸው፤ እስከ አገጫቸውም ሸፈኗቸው። እዚያው፣ የሰው ሁሉ እጅ ደረታቸው ላይ እንዳለ፣ እትዬ ወሰንየለሽ ይዘውት የቆዩት አመለጣቸው። እርጥቡ በሠርጉ አንሶላ ላይ ሲወጣ ሁሉም አዩ፤ ሁሉም እንዳላዩ ሆኑ። እትዬ ቀጸላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው "አይዞሽ እህቴ" አሉ።

ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ንቀት ይኼኔ ወጣ። ሐፍረታቸው ፊታቸውን እያቃጠለው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ግን በማይንቀጠቀጥ ድምፅ ተናገሩ።

"ቀጸላ!" አሉ። "አንቺ ልትጠይቂኝ አይደለም የምትመጪው፤ እኔ ተኝቼ አንቺ የተቀመጥሽበትን ቀን ልታጣጥሚ ነው። በይ ጠገብሽ፣ ተነሺ! አንቺ ደግሞ፣ ሙዝሽ ጥሬ፣ ወሬሽ ብስል፤ በልተሽ የሄድሽው ቆጮ ጓሮዬን አራቁቶታል። አንተ የቡድን መሪው፣ እናትህን ደካ ጥለህ የእኔን ሽንት ልትገመግም መጣህ? ጻፍ እንግዲህ፣ ይኸው ሪፖርትህ!" አሉና አንሶላውን ገልጠው አሳዩት።

"ምስኪን፣ ሕመሙ እኮ ነው" አሉ እትዬ ቀጸላ ደረታቸውን ይዘው።

"ሕመም አይደለም! በደህና ጤናዬ ነው የምሰድባችሁ! ድሮም እንዲሁ ነበር የማስባችሁ፤ ቅቤዬን ስለምትገዙ አፌን ይዤ ነው የኖርኩት።"

"ወሰን፣ ደንቡን እያወቅሽ..."

"ደንቡ የደደብ ደንብ ነው! ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያጨበጨባችሁት ግን እናንተ ናችሁ! ውጡልኝ!"

አማርኛው ሲያልቅባቸው በካፊኖኖ ቀጠሉ፤ በዚያኛው ደግሞ ይበልጥ ይችሉበታል። ሰው እርስ በርሱ እየተገፋፋ ወጣ። የቡድን መሪው ጫማውን አቀያይሮ አድርጎ ነበር፤ አላስተዋለም። ግዛቸው በሩ ሥር እንደተተከለ ምሰሶ ቆሞ ቀረ። በዛወርቅ ግን አልቆመችም። ከእድሩ ወንበር አንዱን ስባ ላዩ ላይ ወጣችና የብረት መደገፊያውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ አማቷ ፊት አቆመችው። ባሏ "አንቺ!" ሲላት ዞር ብላ አላየችውም።

በሳምንቱ እትዬ ቀጸላ ደጅ ቆመው ወንበሮቹን አስጫኑ፤ ወደ ውስጥም ሳይገቡ የእድሩን ውሳኔ ተናገሩ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ አባላትን በመስደብና ደንብ በማዋረድ ከእድሩ ተሰርዘዋል፤ ከእንግዲህ በሕመማቸውም በሞታቸውም እድሩ አይደርስም፣ ድንኳን አይወጣም፣ ቀባሪም አይላክም። በቦንጋ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ለሰው ሁሉ ሲቆፍር፣ ሲሸከም፣ ሲያለቅስ የኖረ ሰው በመጨረሻ የራሱ ተራ ሲደርስ ባዶ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። እትዬ ወሰንየለሽ ያን ሌሊት ትራሳቸውን ነክሰው አለቀሱ፤ ጠዋት ግን ተነስተው ጉልበታቸውን አጠፉ።

ያ ቤት ፀጥ አለ። ጠያቂ የለም፣ ሙዝ የለም፣ ከንፈር የሚመጥ የለም። ብቅ የሚለው ነስሩ ብቻ ነበር፤ እሱም በር ላይ ቆሞ "እንዴት አደርሽ እትዬ፣ ታጠፈልሽ?" ይልና መልሱን ሳይሰማ ሱቁን ወደ መክፈት ይሮጣል። ምሥራቅ ጋ በየጊዜው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፣ ሲጨርሱ ይሠራሉ። መስቀል ሲደርስ ከአልጋው እስከ ጓዳው በር ደረሱ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ የጓዳውን ደፍ ተሻገሩ። አንዴ ጓሮ ውስጥ ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ፤ በዛወርቅ ልታነሳቸው ብትሮጥ "ቁሚ እዚያው!" ብለው ራሳቸው እንሰቱን ይዘው ተነሱ።

በኅዳር፣ ፀሐይ ጭቃውን ማድረቅ በጀመረችበት አንድ ጠዋት፣ ግዛቸው የጓዳው በር ላይ ቆሞ እናቱ መደገፊያቸውን እየተከሉ ጓሮውን ሲያቋርጡ አያቸው። ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር ሆዱ ሻክሯል።

"እማዬ!" አለ። "ሰዉን ሁሉ አባረሽ ይኼው ብቻሽን ቀረሽ። እድሩ የለሽም። ነገ ብትሞቺ ማን ይሸከምሻል? እ? ማን ነው የሚሸከምሽ?"

እትዬ ወሰንየለሽ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ደርሰው ነበር። ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ሞቼ የሚሸከመኝ ባጣ ግድ የለኝም፤ ያን ጊዜ አላየውም" አሉ። "ሳልሞት መሸከሙ ነው ያንገፈገፈኝ።"

መደገፊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ብቻቸውን ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀሩት።